ልጆቹን «ቀጥ በሉ» ከማለት በፊት

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ከሚያስተምሩ የ5ኛ ክፍል መምህርት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ከተማሪዎቼ ሦስቱ ጀርባዬን ያመኛል ይላሉ። ሁለቱ ሁልጊዜ ጎብጠው ነው የሚቀመጡት። ሦስተኛዋ ግን ከክፍሉ ሁሉ ቀጥ ብላ የምትቀመጥ ልጅ ናት፣ ለሌሎቹ ምሳሌ አደርጋት ነበር። እናቷ ሌሊት እያለቀሰች ትነሳለች አሉኝ። ወላጆች ሁሉንም ብርድ ነው ይላሉ። ርዕሰ መምህሩ በጤና ክበብ በሳምንት 20 ደቂቃ ፈቅደውልኛል። ቀኑን ሙሉ ቀጥ በሉ ስል ነው የምውለው፣ ለውጥ ግን የለም። ምን ላስተምራቸው? ቦርሳውስ ነው ወይ ጥፋቱ? ወላጆችንስ ምን ልበላቸው?»

መምህርት፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ያደግኩትም እዚያው ሰሜን ሸዋ፣ ሰላ ድንጋይ አካባቢ ስለሆነ የሚያወሩለት ክፍል ዓይኔ ላይ ነው። ስለ አቀማመጥ ብዙ የምለው አለኝ። ከሁሉ በፊት ግን ስለ ሦስተኛዋ ልጅ።

እሷ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ትሂድ። ሳምንቱ ሳያልቅ።

ከአቀማመጥ የሚመጣ ሕመም ጠባዩ ይታወቃል። ልጁ ብዙ ሲቀመጥ ወይም ሲሸከም ይመጣል፣ ጨዋታ ላይ ይረሳዋል፣ ሲተኛ ይለቀዋል። ልጅን ከእንቅልፍ ቀስቅሶ የሚያስለቅስ ሕመም ግን የወንበር ሕመም አይመስልም። እናቷን ይጠይቁልኝ። ትኩሳት አላት? ሌሊት ያልባታል? ልብሷ ሰፍቷታል? ምግብ ቀንሳለች? ቤት ውስጥ ለሳምንታት ሲያስለው የከረመ ሰው አለ?

አንድ ነገር ደግሞ እርስዎ ራስዎ ማየት ይችላሉ። ልጅቷ ፊት እርሳስ መሬት ላይ ይጣሉና «አንሺልኝ» ይበሏት። ጀርባው ደህና የሆነ ልጅ ሳያስበው እጥፍ ብሎ ላፍ ያደርገዋል። አከርካሪው የታመመ ልጅ ግን ጀርባውን እንደ እንጨት ገትሮ በጉልበቱ ብቻ ዝቅ ይላል፣ አንድ እጁን ጭኑ ላይ ተክሎ እርሳሱን ያነሳል፣ ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ እያራመደ ቀስ ብሎ ይቆማል። ጡንቻዎቹ የታመመው አጥንት እንዳይነቃነቅ ሙጭጭ አድርገው ይዘውታል ማለት ነው። ስለዚህ ያ ለሌሎች ምሳሌ ያደረጉት ቀጥ ማለት ጨዋነት ላይሆን ይችላል። ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም። እኔም ሥራ በጀመርኩበት ዓመት የአንዲት የ9 ዓመት ልጅ አቀማመጥ አይቼ «እንዴት ደስ ትላለች» ብዬ ነበር። ነገሩ የገባኝ የጫማዋን ክር ለማሰር ስትንበረከክ ሳይ ነው።

እኛ አገር እንዲህ ሲሆን ቶሎ ከሚታሰቡት ነገሮች አንዱ የአከርካሪ ቲቢ ነው። ሰው ቲቢን የሚያውቀው በሳንባ ነው፣ ግን አጥንትም ይይዛል፣ ከአጥንትም ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚያጠቃው አከርካሪን ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ለወራት በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፣ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው የሚሰጠው። ከዘገየ ግን አጥንቱ ይፈርስና ጀርባ ላይ ሹል ጉብታ ያወጣል፣ ነርቭ ሲጫን ደግሞ እግር ይዝላል። አለባት እያልኩ አይደለም። ትመርመር ነው የምለው። ጤና ጣቢያው ራጅ ከሌለው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላት። እስከዚያ ወጌሻ እንዳይነካት፣ በቅቤም ቢሆን ማንም እንዳያሻት እናቷን አደራ ይበሏቸው።

የሌሎቹም ልጆች ሕመም ከ4 ሳምንት በላይ ከቆየ፣ እግራቸው ከደነዘዘ ወይም ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃታቸው፣ ወይም ከዛፍ ወይም ከአህያ ወድቀው ከጀመራቸው እንዲሁ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ። ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ወደ እግራቸው ሲዘረጉ ከኋላ ሲያዩዋቸው የጀርባቸው አንዱ ጎን ከሌላው ከፍ ያለባቸው ልጆችም ካሉ ይታዩ። ይቺን የጎንበስ ምርመራ አዳምስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1865 እ.ኤ.አ. ነው የጻፋት፣ እስከ ዛሬም እንሠራባታለን። የአከርካሪ ወደ ጎን መጣመም የምንፈልገው በእሷ ነው። እሱን ደግሞ ቦርሳም ጎብጦ መቀመጥም አያመጣውም፣ ስለዚህ ልጁን «አልሰማ ብለህ ነው» እንዳይሉት።

አሁን ጎብጠው ወደሚቀመጡት ወደ ሁለቱ እና ወደ ክፍሉ ሁሉ እንምጣ።

«ቀጥ በሉ» ያልሠራው ልጆቹ ስላልሰሙዎት አይደለም። እኔ ስማር አንድ መምህራችን በዴስኮቹ መሃል እየሄዱ በማስመሪያ ጀርባችንን ነካ ነካ እያደረጉ «ቀጥ!» ይሉ ነበር። ሲደርሱብን ቀጥ እንላለን። ሦስት ዴስክ አለፍ ሲሉ ተመልሰን እንጎብጣለን። ንቀት አልነበረም። ጡንቻ ሳያርፍ ተገትሮ ሲቆይ ይደክማል፣ ሲደክም ይለቃል። እስቲ እጅዎን ወደ ጎን ዘርግተው 5 ደቂቃ ይቁሙ፣ ልጆቹን 40 ደቂቃ ምን እንደጠየቅናቸው ይገባዎታል።

ደግሞስ ቀጥ ያለ ጀርባ የት አለ? ጀርባ ከጎን ሲታይ አንገት ላይ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ደረት ጋ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ወገብ ላይ እንደገና ወደ ውስጥ ይገባል። ሸክምና ዝላይ የሚችለውም እንዲህ ስለተጠማዘዘ ነው።

የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ጀርባቸውን በመሥራት ያሳልፉት። እውነቴን ነው፣ ይሥሩት። የሰው አከርካሪ 33 አጥንት አለው። የታችኞቹ 9 እያደግን ስንሄድ ይጋጠማሉ፣ 24ቱ ግን ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፤ አንገት ላይ 7፣ ደረት ጋ 12፣ ወገብ ላይ 5። ልጆቹ 24 ቆርኪ ይልቀሙ፣ መሃሉን በሚስማር ይብሱት። መኪና ሲሠሩ የለመዱት ስለሆነ ማስተማር አያስፈልግዎትም። ካረጀ የስፖንጅ ጫማ ደግሞ 23 ክብ ክብ ቁራጭ ይቁረጡ። እነዚያ በአጥንቶቹ መሃል እንደ ትራስ ያሉት ዲስኮች ናቸው። ሽቦ ላይ ሲሰኩ የላይኞቹ ሁለት ቆርኪዎች መሃል ምንም አይገባም፣ እኛም አንገት ላይ እዚያ ቦታ ዲስክ የለንም። ከዚያ ወዲህ በየመሃሉ አንድ አንድ ስፖንጅ ይገባል፣ የመጨረሻው ስፖንጅ ደግሞ ከ24ኛው ቆርኪ ስር። ከዚያ ሽቦውን እንደ ጀርባ ይጠምዝዙት።

ይህን ይዘው አንድ ጥያቄ ይጠይቋቸው። ስፖንጁን በሁለት ጣት ጫን አድርገን ብንይዘውና ባንለቀውስ? ጠፍጥፎ ይቀራል። ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ ብናደርገውስ? ውሃ ውስጥ ቢሆን ውሃውን ይምጋል። የዲስክም ኑሮው እንደዚያ ነው። ዲስክ ውስጥ ደም ሥር የሚገባው በሕፃንነት ነው፣ ከዚያ በኋላ ምግቡን የሚያገኘው ከአጠገቡ ካለው አጥንት እየሰረገለት ነው። መንቀሳቀስ ለዚህ ያግዘዋል። ጎብጦ አንድ ሰዓት መቀመጥም ተገትሮ አንድ ሰዓት መቀመጥም ለጀርባ አንድ ዓይነት ነው፣ ሁለቱም መቆየት ነው። እኔ ልጆቹ እንዲይዙልኝ የምፈልገው ይቺን ብቻ ነው። ጀርባ መቆየት አይወድም።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ አቀማመጥ ያስተምሩ፣ ግን በቃል አይሁን። መዳፋቸውን ወደ ላይ አዙረው መቀመጫቸው ስር ያስገቡ። ሁለት ጠንካራ አጥንቶች መዳፋቸውን ይወጉታል። ይስቃሉ፣ ይሳቁ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይጎብጡ፣ አጥንቶቹ ሲንከባለሉ ይሰማቸዋል። ወደ ፊት ደረታቸውን ገልብጠው ቀና ይበሉ፣ እንደገና ይንከባለላሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሄድ መለስ ብለው መሃሉ ላይ ሲያቆሙ፣ አጥንቶቹ ወደ ታች ብቻ ሲጫኑ፣ ያ ቤታቸው ነው። ቃሉን ያስለምዷቸው። «ቀጥ በሉ» በማለት ፈንታ «ቤት ግቡ» ይበሏቸው። ከቤት መውጣትም ይፈቀዳል፣ መደገፍም፣ ወደ ጎን ማዘንበልም። መመለሻውን ካወቁ በቂ ነው።

በየክፍለ ጊዜውም መሃል፣ 20ኛው ደቂቃ አካባቢ፣ አንድ ደቂቃ ይስጡኝ። ተነስተው እጃቸውን ወደ ጣሪያ ይዘርጉ፣ ወገባቸውን ይዘው ወደ ኋላ ለጠጥ ይበሉ፣ ከዚያ እስክስታ። አዎ፣ እስክስታ። አንገት፣ ትከሻ፣ የላይኛው ጀርባ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሠራበት ነገር ከእኛ ሰፈር የተሻለ የት ይገኛል? ፈረንጅ ሥዕል ያለበት የስፖርት መመሪያ ከመፈለግ ይህ ይቀላል፣ ልጆቹም በጉጉት ይጠብቁታል። አንድ ልጅ ያውርድ፣ ሌሎቹ ይከተሉ፣ ደቂቃዋ ስታልቅ ቁጭ። ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ውስጥ ይህን ስንሞክር መምህሩ ክፍሉ ይረበሽብኛል ብለው ፈርተው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ልጆቹ ራሳቸው «ቲቸር ደቂቃችን» ይሉ ጀመር።

ስለ ብርዱ። ወላጆቹን አይናቋቸው፣ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ብርድ አጥንት ውስጥ ገብቶ ጀርባ አያበላሽም። ግን ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለ አገር ነው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ልጅ በቀጭን ሹራብ መጥቶ ሲሚንቶ ወለል ላይ እግሩን ሲያሳርፍ ምን ያደርጋል? ይኮራመታል። ትከሻውን ጆሮው ድረስ ይሰቅላል፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል፣ ጀርባውን ያጎብጣል። እንዲህ ሆኖ ሁለት ክፍለ ጊዜ የቆየ ጡንቻ ቢያም ምን ይገርማል? ይህን ልጅ ቀጥ በል ማለት አይጠቅምም፣ ማሞቅ ነው። ጠዋት ከሰልፍ በኋላ ቦታቸው ላይ ሦስት ደቂቃ ያዘልሏቸው። ርዕሰ መምህሩ ከፈቀዱ በእነዚያ ወራት የመጀመሪያውን ንባብ ፀሐይ ላይ ያድርጉት፣ ግድግዳ ተደግፈው። ጋቢ ወይም ፎጣ ደርቦ የመጣውንም ልጅ አያስወልቁት።

ዴስኩን ደግሞ ይለኩ። ሜትር አያስፈልግም። ልጁ ሲቀመጥ ሙሉ እግሩ መሬት ይንካ፣ ክንዱን አጥፎ ሲያሳርፍ ጠረጴዛው ክርኑ ጋ ይድረስ። አብዛኞቹ ዴስኮች አንድ ልክ ናቸው፣ ልጆቹ ደግሞ አይደሉም፣ ስለዚህ ማስተካከል የእርስዎ ሥራ ይሆናል። እግሩ ለሚንጠለጠል ልጅ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጣውላ ከስሩ ያድርጉለት። ረጃጅሞቹ ከፍ ያለውን ዴስክ ይያዙ። ለመጻፍ ሲሆን ደብተሩን ከወዲያኛው ጫፍ በሌላ መጽሐፍ ወይም በቦርሳው ከፍ ያድርጉት፣ ወደ ልጁ ያዘንብል። ማንዳል የሚባል ዴንማርካዊ ሐኪም የተማሪ ጠረጴዛ ዘንበል ይበል እያለ ለዓመታት የተሟገተው ለዚህ ነበር። ጠረጴዛው ሲያዘነብል አንገት የሚጎነበስበት ምክንያት ይቀንሳል። ጥግ የሚቀመጡት ደግሞ ወደ ሰሌዳው ሁልጊዜ በአንድ ጎን ተጠምዝዘው ነው የሚያዩት፣ በየወሩ ግራ ቀኙን ይቀያይሯቸው።

ለብቻው የምነግርዎ አንድ ነገር አለ። ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ድንገት ትከሻቸውን አጥፈው መሄድ የሚጀምሩ ሴቶች ልጆች ያያሉ። ጡት ማውጣት ጀምረው ነው። ሰው እንዳያይባቸው ደረታቸውን ይደብቃሉ። ይህን ልጅ በክፍል ፊት «ቀና በይ» ማለት ጉዳት ነው። ለብቻ፣ እንደ ታላቅ እህት ያናግሯት፣ ቤት ውስጥ የሚረዳት ካለ ይጠይቁ። ወንዶቹ ደግሞ ካሾፉ እዚያው ያስቁሙ። ከክፍሉ ሁሉ የረዘመችዋም ልጅ እንደዚሁ ናት፣ ልታንስ ነው የምትጎብጠው።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ውሃ።

የ5ኛ ክፍል ልጅ እንበል 30 ኪሎ ትሆናለች። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ሲሞላ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። የክብደቷን ሁለት ሦስተኛ ማለት ነው። በገመድ አዝላው፣ ገመዱ ደረቷን እየቆረጣት፣ ጎንበስ ብላ ዳገት ትወጣለች። ቅዳሜ ደግሞ ጭራሮ ወይም ኩበት አለ፣ ታናሽ ወንድሟን በአንቀልባ ማዘልም አለ። እኛ ይህን ሁሉ አልፈን ቦርሳዋ ከበዳት ወይ ብለን እንጨነቃለን። ጎብጠው ይቀመጣሉ ያሏቸውን ሁለቱን ልጆች ጠዋት ከመምጣታቸው በፊት ምን እንደተሸከሙ ይጠይቋቸው። መልሱ እዚያ ሊሆን ይችላል። ልጆቹ ጎብጠው ሳይሆን ደክመው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የሁለት ሳምንቱን 20 ደቂቃ ለሸክም ይስጡት፣ ከውጭ፣ ሜዳ ላይ፣ በእውነተኛ ጀሪካን። 5 ሊትር ውሃ ይጨምሩበትና ይጀምሩ። መጀመሪያ ልጁ እንደለመደው ያንሳ፣ ሁሉም ይዩት። ብዙዎቹ ራቅ ብለው ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ በወገባቸው ተጎንብሰው መንጭቀው ነው የሚያነሱት። ከዚያ እርስዎ ያሳዩ። ጀሪካኑ ጋ ጥግት ይበሉ፣ ውሃው በሁለቱ እግሮችዎ መሃል እስኪሆን ድረስ። አንዱ እግር ትንሽ ይቅደም። በጉልበትና በዳሌ ዝቅ ይበሉ። ጀሪካኑን ወደ ሆድዎ ይሳቡት፣ ልክ ሕፃን እንደሚያቅፉ። ተንፍሰው ይነሱ። ሲዞሩ እግርዎ ይዙር፣ ወገብ ብቻውን አይጠምዘዝ። ይህችን የመጨረሻዋን ደጋግመው ያሠሯቸው፣ ሸክም ይዞ መጠምዘዝ ወገብን ክፉኛ ያስቸግራል።

ስለ ርቀቱ የሚያሳይ ቀላል ነገር አለ። ልጁ አንድ መጽሐፍ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ይያዝ። ከበደው? አይከብድም። አሁን እጁን ሙሉ ዘርግቶ ይያዘው። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ይንቀጠቀጣል። መጽሐፉ አልጨመረም። ልጆች ይቺን አንዴ ካዩ አይረሷትም።

ለሚያዝሉት ደግሞ፣ ከመሬት አንስተው አይዘሉ። ጀሪካኑን ወገባቸው የሚደርስ ካብ ወይም ድንጋይ ላይ አስቀምጠው፣ ጀርባቸውን ሰጥተው በገመዱ ይሰሩት። ሁለት ሆነው መሄድ የሚሻለው ለዚህም ነው፣ አንዷ ለሌላዋ ታሸክማለች። ገመዱ ሰፊ ይሁን፣ ያረጀ ነጠላ ወይም ጆንያ ቢጠቀለልበት አይቆርጥም። ጀሪካኑ መቀመጫ ላይ ተንጠልጥሎ አይውረድ፣ ከፍ ብሎ ጀርባ ላይ ይለጠፍ። ከሁሉ የሚሻለው ግን 20ውን መተው ነው። በሁለት እጅ ሁለት ባለ 5 ሊትር መያዝ ለዚያች ልጅ ይቀላታል፣ ግራና ቀኙም እኩል ይሆናል። ሁለት ምልልስ ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። አህያ ያለው ቤት አህያውን ይጫን፣ ወንድሟም ይሂድ።

ቦርሳውን በአጭሩ። ብዙ ባለሙያ የሚመክረው ከልጁ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ እንዳይበልጥ ነው፣ ለ30 ኪሎ ልጅ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አንድ ቀን ያስመዝኗቸው። በሁለቱም ትከሻ ይዘል፣ ጀርባ ላይ ይጠጋ፣ የዕለቱ ትምህርት ብቻ ይግባበት። ግን ቦርሳ እንደሚወራበት ጥፋተኛ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. 69 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ወጥቶ ነበር፣ ቦርሳ የልጆችን ጀርባ ያሳምማል የሚያሰኝ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። የእርስዎ ልጆች ደግሞ ሁለት ሦስት ደብተር በፌስታል ይዘው የሚመጡ ከሆነ የቦርሳውን ሳምንት ለጨዋታ ይስጡት። ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ ገመድ ዝላይ፣ ለወንዶቹም ለሴቶቹም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሞቅ ያለ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው ለሚመጡት ይህ አያሳስብዎት፣ መንገዱ ብቻውን ይሞላላቸዋል። በባጃጅ መጥቶ፣ ተቀምጦ ውሎ፣ ማታ ስልክ ላይ የሚያድረው የከተማው ልጅ ነው የሚያሳስበኝ። በዕረፍት ሰዓት ክፍል ውስጥ መቀመጥን እንደ ቅጣት የሚጠቀሙ መምህራን ካሉም ቢያናግሯቸው ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርዎ። ቤልጂየም ውስጥ ከ9 እስከ 11 ዓመት ላሉ ልጆች በ6 ክፍለ ጊዜ የጀርባ ትምህርት ሰጥተው ነበር። ከ8 ዓመት በኋላ ሄደው ሲያዩዋቸው ልጆቹ የተማሩትን አልረሱም፣ ይህ ያስደስታል። የጀርባ ሕመማቸው ግን ካልተማሩት አላነሰም። እኔ ከዚህ የምወስደው ማስተማሩ ከንቱ ነው የሚል አይደለም። እውቀት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው። የልጁ ዴስክ፣ ሸክሙ፣ ዕረፍቱ፣ ጨዋታው አብሮ ካልተለወጠ ትምህርቱ ደብተር ላይ ይቀራል። ለዚህ ነው ከቃል ይልቅ ድንጋይ፣ ጀሪካንና እስክስታ ስጽፍልዎ የቆየሁት።

ሌላም አለ። አያስፈራሯቸው። «ትጎብጣለህ»፣ «ወገብሽ ይቆረጣል»፣ «ዲስክህ ይንሸራተታል» የሚባሉት ነገሮች ልጅን ቀጥ አያደርጉትም፣ ጀርባውን እንዲፈራው ብቻ ያደርጉታል። ጀርባውን የፈራ ሰው ደግሞ መንቀሳቀስ ይተዋል፣ ሕመሙም ይቆይበታል። በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰው የወገብ ሕመም ነበረበት፣ እኔ ዘንድ ከሚመጡት ደግሞ ብዙዎቹን የሚያመጣቸው ከአጥንታቸው ይልቅ ፍርሃታቸው ነው። ለልጆቹ ጀርባ ጠንካራ ነገር እንደሆነ ይንገሯቸው። ተራ የጀርባ ሕመም በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይለቃል፣ መተኛት አያስፈልገውም፣ ቀለል አድርጎ መንቀሳቀስ ነው መድኃኒቱ። በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ የእርስዎ ልጆች ያንን የቆርኪ አከርካሪ ይዘው 2ኛ ክፍል ገብተው ያስተምሩ። ሲያስተምሩ ነው የሚገባቸው።

ወላጆቹን በተመለከተ፣ ስብሰባ ላይ ንግግር አይዘጋጁ። «ብርድ ነው» ሲሉዎት «እውነት ነው፣ ሹራብ ይጨመርላቸው» ይበሉና ይለፉት፣ ክርክር አያስፈልግም። ከዚያ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልተው ሜዳው ላይ ያስቀምጡ። 60 ኪሎ የሚሆን አንድ አባት ይምረጡ። ሁለቱን ጀሪካን አንድ ላይ አስረው ያሸክሟቸው፣ 40 ኪሎ ማለት ነው፣ ከእሳቸው ክብደት ሁለት ሦስተኛ፣ ልጃቸው በየቀኑ ከምትሸከመው ጋር እኩል። ሜዳውን አንድ ዙር ይዙሩ። ሲመለሱና ሲያወርዱ ስለ 5 ሊትሩ ጀሪካን ያንሱባቸው፣ የዚያን ጊዜ ይሰሙዎታል።

የሦስተኛዋን ልጅ ነገር ግን ለስብሰባው አያቆዩት። ነገ ጠዋት ለእናቷ ይላኩባቸው።